የጃፓን ቋንቋ ለአማርኛ ተናጋሪ፤ ደስ የሚያሰኝና ፍሬ የሚሰጥ የአጠናን ዘዴ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ከጐበኙ በኋላ፥ ያዩትንና የሰሙትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ለአገራቸው ሕዝብ በአማርኛ አቀረቡ። ዛሬ የጃፓን ስም በመጽሐፍ ብቻ አይወሳም። አንዳንዱ ወጣት የትምህርት ዕድል ፈልጎ፥ አንዳንዱ ካይዘን ከተባለው የአሠራር ዘዴ ጋር በፋብሪካ ተዋውቆ፥ አንዳንዱም አኒሜ የተባለውን የሥዕል ፊልም አይቶ ቋንቋውን ለመማር ይመኛል። ይሁን እንጂ እኛ ከምናውቃቸው ጀማሮች ብዙዎቹ በመንገድ ቀርተዋል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምንኖርና በአንድነት የምናጠና ተማሮች ምክንያቱን ስንመረምር፥ ዋናው ነገር የቋንቋው ክብደት ሳይሆን የምንገባበት በር መሆኑን ተረድተናል። በእጃችን የሚገቡት የመማሪያ መጻሕፍት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተዘጋጁ ናቸው። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነውም በክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር የሚያስቀጣ ስለ ነበር፥ የውጭ ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ተደርጎ ተምረናል። እንዲህ ሲሆን ተማሪው አንድ ወንዝ ለመሻገር ሁለት ወንዝ ይሻገራል። ከዚህም የሚብሰው፥ መጽሐፉ ለእንግሊዝ ሰው የሚከብደውን ለእኛም ከባድ ነው ብሎ ያስፈራናል፤ ለእኛ በእውነት የሚከብደውን ግን ፈጥኖ ያልፈዋል። አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን ጃፓንኛ ከዚህ ወገን አይደለም። ነገር ግን ዘራቸው ባይገናኝም አሠራራቸው በብዙ ቦታ ይገናኛል፤ ይህንንም ከዚህ ቀጥሎ በየተራው እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ፊደሉን እንመልከት። ጃፓኖች ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ ሁለት ገበታዎች አሏቸው፤ በያንዳንዱም 46 መሠረታውያን ፊደላት ይገኛሉ። እንደ እኛ ፊደል፥ አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። «ካ ኪ ኩ ኬ ኮ» እያሉ ይቈጥራሉ፤ ይኸውም የእኛ ራብዕ፥ ሣልስ፥ ካዕብ፥ ኃምስና ሳብዕ መሆኑ ነው። ግዕዝና ሳድስ የሏቸውም፤ ብቻውን የሚቆም «ን» ግን አላቸው። ልዩነቱ፥ የእኛ ፊደል ከአንድ መልክ ሲራባ የእነርሱ እያንዳንዱ የራሱ መልክ ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ በቄስ ትምህርት ቤት ልጆች እንደሚያደርጉት፥ ገበታውን በግድግዳ ለጥፎ በእንጨት እየጠቈሙ፥ መጀመሪያ ወደ ፊት፥ ቀጥሎ ወደ ኋላ፥ በመጨረሻም እያዘለሉ፥ ድምፅን ከፍ አድርጎ መቍጠር ነው። ካታካና የውጭ አገር ቃል መጻፊያ ስለ ሆነም «ታኩሺኢ»፥ «ሆቴሩ»፥ «ራጂኦ» የሚሉትን ለማንበብ የበቃ ተማሪ ታክሲን፥ ሆቴልንና ራዲዮን ያለ መዝገበ ቃላት ያገኛቸዋል።

ሁለተኛው የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ያስቀምጣል። የሰፈራችንን ስም ለምሳሌ እንውሰድ። ነፋስ «ካዜ»፥ ስልክ «ዴንዋ» ይባላል፤ «ካዜ ኖ ዴንዋ» ማለትም የነፋስ ስልክ ማለት ነው። የእኛ «የ» ከነፋስ በፊት ስትገባ የእነርሱ «ኖ» ከነፋስ በኋላ ትገባለች እንጂ የቃላቱ ተራ አንድ ነው። በዚህ ስም የሚጠራ ስልክ በጃፓን በእውነት አለ። በኢዋቴ አውራጃ አንድ ሰው ዘመዱ ስለ ሞተበት እ.ኤ.አ. በ2010 ሽቦው ከምንም ያልተያያዘ ስልክ በአትክልት ቦታው አቆመ፤ በ2011 የባሕር ማዕበል ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላም ሐዘንተኞች እየመጡ ለሞቱባቸው ሰዎች የልባቸውን የሚናገሩበት ሆነ። ይህን የሰማ የንፋስ ስልክ ልጅ «ኖ»ን አይረሳትም።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ግን ቦዝ አንቀጽ ነው። «እጁን ታጥቦ፥ ምሳውን በልቶ፥ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ» የሚለውን ጃፓናዊ «ቴ ኦ አራቴ፥ ሂሩጎሃን ኦ ታቤቴ፥ ኮኦሂኢ ኦ ኖንዴ፥ ኢታ» ይለዋል። «ኦ» የእኛን «ን» ትተካለች፤ በ«ቴ» ወይም በ«ዴ» የሚጨርሱት ቃላት ደግሞ የእኛን «ታጥቦ፥ በልቶ፥ ጠጥቶ» ይተካሉ። የእኛ ቦዝ አንቀጽ አድራጊውን ያሳያል፤ የእነርሱ አያሳይም። «ታቤቴ ሚሩ» ቃል በቃሉ «በልቶ ያያል» ሲሆን፥ ምግቡን ለመሞከር መብላት ማለት ነው፤ እኛም «ቀምሰህ እየው» እንላለንና አያስቸግረንም። በየማታው የዕለት ሥራን በዚህ ዓይነት አያይዞ በአንድ ረዥም ዐረፍተ ነገር መናገር ጥሩ ልምምድ ነው። የአክብሮት አነጋገርም እንዲሁ ነው። ለጓደኛ «ታቤሩ» የሚባለው ለትልቅ ሰው «ሜሺአጋሩ» ይሆናል። አባቱን «አንቱ» ሲል ላደገ ልጅ የዚህ ምክንያቱ ግልጥ ነው።

ሦስተኛው በእውነት የምንቸገርበት የድምፅ ርዝመት ነው። መጥበቅና መላላት በአማርኛ ስላለ «ኪቴ» ሲላላ «መጥቶ»፥ ሲጠብቅ «ቴምብር» መሆኑን ጆሯችን በቀላሉ ይለያል፤ እንዲያውም ጃፓኖች መጥበቁን በጽሑፍ ያመለክቱታል። የአናባቢ መርዘም ግን በአማርኛ ትርጕም አይለውጥም። «ኦባሳን» አክስት ስትሆን «ኦባአሳን» አያት ናት። መድኃኒቱ ማጨብጨብ ነው፤ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ጊዜ እያጨበጨቡ ሲያነቡ አክስት አራት፥ አያት አምስት ጭብጨባ ይሆናሉ።

አራተኛው ካንጂ የሚባለው ከቻይና የመጣ ጽሕፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታረመው የዘወትር ካንጂ ዝርዝር 2,136 ምልክቶች ይዟል፤ ከእነዚህ 1,026ቱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። በቀን ሦስት ቢያዝ 1,026ቱ በ342 ቀን ያልቃሉ ማለት ነው፤ ለክለሳ የሚሆነው ቀን ግን ተጨማሪ ነው። በጭፍን ከመሸምደድ ይልቅ ምሥጢሩን መጠየቅ ይሻላል። ሁለት ዛፍ ጐን ለጐን ቢቆም ትንሽ ደን፥ ሦስት ሲሆን ትልቅ ደን፥ ፀሐይና ጨረቃ ሲገናኙ ብርሃን፥ ሰው በዛፍ አጠገብ ሲሆን ዕረፍት ይሆናል። ከዋርካ ሥር ያረፈ ሰው ይህን ለማስታወስ አይቸገርም።

በመጨረሻ ጨዋታን አንርሳ። «ሺሪቶሪ» በሚባለው የጃፓን ልጆች ጨዋታ፥ አንዱ የተናገረው ቃል በጨረሰበት ፊደል ሌላው ይጀምራል። «ሳኩራ» ሲባል «ራኩዳ»፥ ማለት ግመል፥ ይመለሳል፤ ቀጥሎ «ዳይኮን» ያለ ግን ተሸነፈ፤ በ«ን» የሚጀምር ቃል የለምና። እንደዚሁም «ዶኪዶኪ» የእኛ የልብ «ድው ድው»፥ «ኪራኪራ» የእኛ «ብልጭ ብልጭ» ስለ ሆነ፥ አንዱ በእጁና በፊቱ ሲያሳይ ሌላው ቃሉን እንዲናገር ማድረግ ክፍሉን ያስቃል፤ ቃሉም ይያዛል።

የጃፓንኛ የችሎታ ፈተና ከኤን 5 እስከ ኤን 1 አምስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያውን ደረጃ ለሚያስብ ተማሪ ምክራችን ይህ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አጥኑ፤ እያንዳንዱን ምሳሌ መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት፤ የሚገናኙበትን በአንድ ደብተር፥ የሚለያዩበትን በሌላ ደብተር ጻፉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን በአማርኛ እንዳሳዩን፥ ከእነዚህ ደብተሮች ተሰብስቦ ቋንቋውን በአማርኛ የሚያስተምር አንድ ትንሽ መጽሐፍ ሊወጣ ይችላል። እኛ የፊደሉንና የቦዝ አንቀጹን ክፍል ጀምረናል፤ የቀረውን አብሮን የሚሠራ ተማሪ በደስታ እንቀበላለን።