ኮምፒውተሩ ፍላሹን አላነብም ሲል

«አያነብም» የሚለው ፍርድ በቢሮውም፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ በኢንተርኔት ካፌውም በየዕለቱ ይሰጣል። ፍላሹ ይነቀላል፣ እፍ ይባልበታል፣ ተመልሶ ይሰካል። እንቢ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞከራል። እዚያም እንቢ ካለ አንዱ «ፎርማት አድርገው» ብሎ ይመክራል። በዚህ ጥድፊያ የሚጠፋው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሂሳብ መዝገብና የልጆች ፎቶ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ፋይሉ አይደለማ። ኮምፒውተርና የዩኤስቢ ዕቃ ከመግባባታቸው በፊት በተራ የሚያልፏቸው ደረጃዎች አሉ። ነገሩ የቆመው የትኛው ላይ እንደሆነ ካወቅን፣ ምን መሞከር እንዳለበትና ምን መነካት እንደሌለበት ራሱ ይነግረናል።

ዩኤስቢ በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤም፣ ኮምፓክ፣ ዴክ፣ ኤንኢሲና ኖርቴል ተባብረው ያወጡት ስምምነት ነበር። ከዚያ በፊት ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ፕሪንተሩና ሞደሙ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መሰኪያ ነበራቸው፤ አዲስ ነገር ለመግጠም ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ አንዳንዴም ከፍቶ ካርድ መሰካት ግድ ነበር። በዩኤስቢ ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት መሰኪያ ስለሚገባ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ራሱ መናገር አለበት።

የተለመደውን ጠፍጣፋ የዩኤስቢ መሰኪያ ወደ ብርሃን አስጠግተው ቢያዩት፣ ፕላስቲኩ ላይ አራት ወርቅማ ንጣፎች ተደርድረው ያገኛሉ። የዳርና ዳሮቹ ከመሃለኞቹ ረዘም ይላሉ። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። የዳሮቹ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ ሌላው መመለሻው ነው። የመሃለኞቹ መረጃ ያመላልሳሉ። ረጃጅሞቹ ቀድመው ስለሚነኩ ዕቃው መጀመሪያ ኃይል ያገኛል፣ የመረጃው መስመር ከዚያ ይገናኛል። ገመዱም ቢላጥ ያው ነው፤ ቀይና ጥቁር ለኃይል፣ ነጭና አረንጓዴ ለመረጃ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኤስቢ 3.0 በእነዚህ ላይ ሌሎች አምስት ጨምሯል፤ ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ፕላስቲኩ ይለያል።

ኃይል ያገኘው ዕቃ ከሁለቱ የመረጃ መስመሮች አንዱን በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ 3.3 ቮልት ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር መሰካቱን የሚያውቀው በዚህች ለውጥ ነው፤ ምን እንደተሰካ ግን ገና አያውቅም። ግንኙነቱ እስኪረጋ ቢያንስ 100 ሚሊ ሰከንድ ይታገሣል፣ ዕቃውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል፣ ከዚያ ማንነቱን ይጠይቀዋል። ዕቃው የሚልከው መልስ 18 ባይት ብቻ ነው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ያለች አጭር መረጃ ስትሆን የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር ትይዛለች፤ 0781 ካለ ሳንዲስክ፣ 0951 ካለ ኪንግስተን ነው። ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 127 ካሉት አድራሻዎች አንዱን ይሰጠዋል፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ይጠይቀዋል፣ በመጨረሻም የሚስማማውን ድራይቨር ይፈልግለታል።

እንግዲህ ሲሰካ ድምፅም፣ መብራትም፣ መልእክትም ከሌለ ነገሩ የቆመው መጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። እዚህ በጣም የሚያሳስተው ገመድ ነው። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ የሞባይል ገመዶች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ሁለት ሽቦ ብቻ አለ። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ባለቤቱም «ገመዱ ይሠራል» ይላል፤ ነጩና አረንጓዴው ሽቦ ግን ጭራሽ የለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በዚያው ገመድ ሌላ ስልክ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና ፋይል ለመላክ ይሞክሩ። የአንድሮይድ ስልክ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ጤነኛ ሆኖም ፋይሉ ላይታይ ይችላል። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ ስልኩ ሲሰካ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ አይፈቅድም፤ ስክሪኑን ከፍቶ፣ ከላይ ማሳወቂያውን ስቦ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሁኔታ ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋል። ድምፁ ይሰማል፣ ዊንዶውስ ግን «ዩኤስቢ ዲቫይስ ኖት ሪኮግናይዝድ» ይላል። ዲቫይስ ማኔጀር ሲከፈት «አንኖውን ዩኤስቢ ዲቫይስ» ከቢጫ ምልክት ጋር ተቀምጧል፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ኮድ 43 ይላል። አጠገቡ «ዲቫይስ ዲስክሪፕተር ሪኩዌስት ፌይልድ» የሚል ካለ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ኮምፒውተሩ ዕቃው መሰካቱን አውቋል፣ 18ቱን ባይት ግን አላገኘም። በዚህ ጊዜ ድራይቨር ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ መዋል ከንቱ ድካም ነው። የዕቃው ማንነት ሳይታወቅ የትኛው ድራይቨር ይመረጣል? ሊኑክስ ይህንኑ በከርነሉ መልእክት ውስጥ በቁጥር ይገልጸዋል፤ ስህተት 110 ካለ መልስ ተጠብቆ ሳይመጣ ቀርቷል፣ ስህተት 71 ካለ የመጣው መልስ የተዛባ ነው።

መልሱ የሚቀረው ወይም የሚዛባው አንድም የመረጃ ሽቦው ስለላላ፣ አንድም ኃይሉ ስላነሰ፣ ወይም የዕቃው ቺፕ ስለሞተ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ያለውን ፖርት ትተው ከኋላው ይሰኩት። የፊቱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን የውስጥ ገመድ ነው፤ የኋላው ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ተበይዷል። ማራዘሚያና ሀብ ካለ ይውጣ። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ የ3.0 ደግሞ እስከ 900 እንዲሰጥ ነው የተደነገገው፤ የራሱ ኃይል የሌለው የ2.0 ሀብ ግን ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚያደርሰው 100 ብቻ ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሞተሩን ለማስነሳት ይህ አይበቃውም፤ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይጀምርና መልሶ ይጠፋል። ሰዎች ይህን ድምፅ ሲሰሙ ዲስኩ ተሰበረ ብለው ይደነግጣሉ። መጀመሪያ የኋላው ፖርት ላይ በአጭር ገመድ ይሞከር።

ፖርቱ ራሱም ሊደናገር ይችላል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባለው «ፋስት ስታርትአፕ» ምክንያት «ሻት ዳውን» ማለት ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ከርነሉ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሲበራ እንዳለ ይመለሳል። ስለዚህ «ሪስታርት» ማድረግ ይሻላል። ያም ካልረዳ አጥፍቶ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ፣ ጥቂት ቆይቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ዕቃው ስሙን ተናግሮ ኮድ 28 ከመጣ ግን የጎደለው በእርግጥ ድራይቨር ነው። ፍላሽ፣ ኪቦርድና ማውስ ሲስተሙ ውስጥ ባለ የጋራ ድራይቨር ስለሚሠሩ እዚህ አይደርሱም። ፕሪንተር፣ ስካነርና ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይሩ ገመዶች ናቸው የሚደርሱት። በኤፕሪል 1998 እ.ኤ.አ. ቺካጎ በተካሄደው የኮምዴክስ ትርኢት ላይ ቢል ጌትስ ባለበት ዊንዶውስ 98 ሲተዋወቅ፣ ስካነር ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሕዝብ ፊት ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ቆሟል። ዛሬ ሲስተሙ ብዙውን ድራይቨር ራሱ ያወርዳል። ካላገኘ በዲቫይስ ማኔጀር «ዲቴይልስ» ገጽ «ሃርድዌር አይዲ» በሚለው ስር ያለውን የአምራችና የምርት ቁጥር ወስዶ ከአምራቹ ድረ ገጽ መፈለግ ነው። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ አድሳለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች አልመክርም።

በጣም የምጠነቀቅበት የመጨረሻው ሁኔታ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ዕቃውን በስሙ ያሳያል፣ ቢጫ ምልክት የለም፣ ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ፍላሹ አይታይም። ዩኤስቢው ሥራውን ጨርሷል፤ ችግሩ ዲስኩ ላይ ነው። «ዲስክ ማኔጅመንት» ይከፈት። ክፍፍሉ ካለና ፊደል ብቻ ካጣ ፊደል መስጠት ነው፤ የሚጠፋ ነገር የለም። የማክ ወይም የሊኑክስ አቀማመጥ ያለው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ እንደ ባዶ ይቆጠርና «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ «ካንስል» ብሎ ወደተጻፈበት ሲስተም መውሰድ ነው። «ሮ» ካለ የአቀማመጡ ሠንጠረዥ ተበላሽቷል፤ መረጃው አሁንም እዚያው ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳይጻፍበት በማዳኛ ፕሮግራም ይነበብ። አገር ያወቀው የሾርትከት ቫይረስም እንዲሁ ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ይተክላል። ሾርትከቱን ሳይጫኑ፣ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ካደረጉ በኋላ ኦሪጅናሎቹን ማውጣት ይቻላል።

ዲስክ ማኔጅመንት «ኖ ሚዲያ» ካለ የፍላሹ መቆጣጠሪያ ቺፕ በሕይወት አለ፣ ሜሞሪው ግን አይመልስለትም። ይህ በቤት የሚጠገን አይደለም። ፋይሉ የሚያስፈልግ ከሆነ ደጋግሞ መሰካቱን አቁመው ፍላሹን ለመረጃ ማዳን ባለሙያ ይስጡ፤ ሲሰጡም «አያነብም» ከማለት «ስሙን ያሳያል፣ ግን ኖ ሚዲያ ይላል» ይበሉት፤ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ወዲያው ይገባዋል።