ጆሮን አትጎርጉሩ

ጆሮው የከበደ ሰው ሁሉ ደንቆሮ አይደለም። በጭሮ ገበያ ዋጋ ሲነግሩት የማይሰማ ሰው፣ ምናልባት ጆሮውን ኩክ ደፍኖበት ይሆናል።

ኩክ ምንድን ነው? ጆሮ ራሱ የሚሠራው ቅባት ነው። ማሽላ ሲወቃ የሚነሣውን አቧራ ይይዛል። ስናኝክና ስንናገር ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወጣል።

በክብሪት እንጨት፣ በስንጥር ወይም በመርፌ ቁልፍ ስንጎረጉር ግን ኩኩ ወደ ውስጥ ይገፋል። የጆሮ ታምቡርም ሊበሳ ይችላል።

ታዲያ ጆሯችን ሲደፈን ምን እናድርግ?

1. ከመድኃኒት ቤት የወይራ ዘይት እንግዛ። እሳት ላይ አናሙቀው። ጠርሙሱን በእጃችን ይዘን ለብ እናድርገው።
2. በጎናችን ተኝተን 2 ወይም 3 ጠብታ እናንጠብጥ። 10 ደቂቃ እንቆይ።
3. ጠዋትና ማታ ከ3 እስከ 5 ቀን እንዲህ እናድርግ።
4. የወጣውን በንጹሕ ጨርቅ ከውጭ ብቻ እንጥረግ።

ጆሮ ካመመ፣ መግል ወይም ደም ካለው፣ ታምቡሩም ከዚህ በፊት ተበስቶ ከነበረ ምንም አናንጠብጥ። ለሕፃንም በቤት አናድርግ። በድንገት መስማት ካቆምን ወይም በ5 ቀን ካልተሻለን አንቆይ። በጭሮም፣ በሂርናም፣ በገለምሶም ያለን ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ባለሙያው ጆሮውን በመሣሪያ አይቶ ይረዳናል።