ድልድዩስ ቆመ፣ ቁልቁለቱን ማን ይጥረገው?

ከግንደወይን በመኪና ሞጣ፣ ከሞጣ ደግሞ በእግር ወደ ዓባይ ቁልቁል። ታች ሰባራ ድልድይ አለ፤ ማዶው ጎንደር ነው።

በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከማዶ እየተሳበ ነበር የሚሻገረው። ይህንን በፎቶግራፍ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት አስጠገነው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ።

ችግሩ ድልድይ ብቻውን አያሻግርም። የክረምት ጎርፍ የእግር መንገዱን አፈር ጠርጎ ድንጋዩን ያገጠዋል፤ መስከረም ሲጠባ ቁጥቋጦው ከግራና ከቀኝ ይጋጠማል። ሲወርዱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ዋናው ጨዋታ ግን ሁለተኛው አጋማሽ ነው፤ ሲመለሱ! የበረሃው ሙቀት ከዳገቱ ጋር ሲደመር፣ በመጀመሪያው አርባ አምስት ደቂቃ ሲፈነጭ የነበረ ሁሉ ‹‹ቀይሩኝ›› ማለቱ አይቀርም። ተቀያሪ ወንበር ደግሞ እዚያ የለም።

ለተጓዥ ስፖርት ነው። አህያ ጭኖ ገበያ ለሚወጣው ገበሬ ግን ኑሮው ነው። ለዚህ ደግሞ ብረትም ሲሚንቶም አያስፈልግም፤ ገጀራ፣ ዶማና ጎርፉን ከመንገዱ የሚያስወጣ ቦይ፣ ያውም በየዓመቱ ክረምት ሳይገባና ከወጣ በኋላ።