የሞተር ብስክሌት ዕቃ በስልክ ወይስ ከሱቅ?

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ መለዋወጫ ዕቃ ግዥ የደረሰብኝን ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ በዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በሐዋሳ ወደ ሥራዬ የምመላለሰው በሞተር ብስክሌት ነው። ባለፈው ወር ካቴናው ላልቶ መንገድ ላይ ሊጥለኝ ስለ ደረሰ፥ በቴሌግራም ረከስ ያለ አይቼ ገንዘቡን በቴሌብር ላክሁ። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ ነገር ግን የሚያስፈልገኝ 428 የተባለው ሲሆን የተላከልኝ 520 ሆኖ ተገኘ። የፊተኛው ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር፥ የኋለኛው 15.875 ስለ ሆነ ከመዘውሩ ጥርስ ጋር ከቶ አይገጥምም። ለሻጩ ብደውል ስልኩን ዘጋብኝ።

በመጨረሻ ከሰፈሬ ሱቅ በተወደደ ዋጋ ገዛሁ። ባለሱቁ አሮጌውን ከአዲሱ ጐን ዘርግቶ ለካ፤ መካኒኩም የመዘውሮቹ ጥርስ ስለ ተበላ ካቴናው ብቻውን ቢለወጥ ቶሎ እንደሚያልቅ አስረድቶ ሁሉንም አብሮ ለወጠልኝ። ይህን ምክር ስልክ አይሰጥም።

ይሁን እንጂ ባለሱቆቻችንም ከነቀፋ አያመልጡም። ብዙዎቹ ዋጋ አይለጥፉም፤ ደረሰኝ ሲጠየቁም ያኰርፋሉ። በስልክ የሚሸጠው ዋጋውን በግልጽ መጻፉ ያስመሰግነዋል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ዋጋ መለጠፍንና ደረሰኝ መስጠትን በነጋዴ ላይ ግዴታ አድርጓል። የሚመለከተው ክፍል ይህ በሱቅም በስልክም እንዲፈጸም ቢቈጣጠር፥ ገዢውም ከመክፈሉ በፊት በዕቃው ላይ የተመታውን ቁጥር ቢጠይቅ መልካም ነው። የካቴናና የፍሬን ስሕተት የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ከሐዋሳ