ያውቁ ኖሯል? ወጌሻውና ሆስፒታሉ

ይርጋጨፌ ስትነሳ ቡና ይታወሳል፤ ከቡናው ጎን ግን እንሰት አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ አንዳንድ የእንሰት ዓይነቶች ስብራት ይጠግናሉ ተብለው ተለይተው ይተከላሉ፤ አምቾው (የእንሰቱ ሥር) ተቀቅሎ፣ ብዙ ጊዜ ከወተት ጋር፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይቀርባል። ይህ ምግብ ነው፤ አደጋው ያለው ወጌሻው ስብራቱን በሚያስርበት ማሰሪያ ላይ ነው።

የተሰበረ እጅ ወይም እግር ያብጣል። ወጌሻው በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ካሰረው የደም ዝውውሩ ይቋረጣል፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ ደም ከ6 ሰዓት ገደማ በላይ አይቆይም። በዚህ ሰበብ እጅ ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ። ሊቀር የሚችል ጉዳት መሆኑ ያንገበግባል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአገራችን ጥናት ግን ተስፋ ይሰጣል፦ ወጌሾች የ1 ቀን ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚደረገው የእጅና እግር ቆረጣ በእጅጉ ቀነሰ። ለውጥ ያመጣው ወጌሻውን ማራቅ ሳይሆን ማስተማር ነው።

ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን ወዲያው አላልቶ ወደ ይርጋጨፌ ወይም ወደ ዲላ ሆስፒታል መሮጥ ነው። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ ከመጀመሪያውም ወደዚያው።