ያገለገለ የራዲያተር ውሃ የት ይደፋ?

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ አንቲፍሪዝ እንነጋገራለን። ብዙዎቻችን ኩላንት ወይም የራዲያተር ውሃ የምንለው ባለ ቀለም ፈሳሽ ነው።

«በካኩማ ሙቀት የበረዶ መከላከያ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። አንቲፍሪዝ የራዲያተሩ ውሃ ቶሎ እንዳይፈላና ብረቱ እንዳይዝግም ያደርጋል። ስለዚህ በመኪናዎችና መብራት በሚሰጡን ትልልቅ ጄኔሬተሮች ውስጥ ይገኛል። ሲያረጅ ይቀየራል፤ የወጣው አሮጌው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ይመጣል።

በቅርቡ ቤት ለቤት ስዞር አንድ መካኒክ ወንድማችን ቤት ገባሁ። ከመጠጥ ውሃው ጀሪካን አጠገብ፣ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ አረንጓዴ ፈሳሽ አየሁ። የሦስት ዓመት ልጁ እዚያው ይጫወታል። «ነገ እደፋዋለሁ ብዬ ነው እኮ፣ ሲስተር» አለኝ። እሱ የራዲያተር ውሃ መሆኑን ያውቃል። ልጁ ግን የሚያውቀው ለስላሳውን ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

አብዛኛው አንቲፍሪዝ የሚሠራው ኤቲሊን ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል ነው። ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ሕፃናትም ሆኑ እንስሳት ሊጠጡት ይችላሉ። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት ወደ ሌላ መርዝ ይለውጠውና ኩላሊትን ያበላሻል። ውሃ ያልተቀላቀለበት ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ አዋቂን ሰው ሊገድል ይችላል። ለሕፃን ጥቂት ጉንጭ ይበቃል። ያገለገለው ደግሞ ከሞተሩ የታጠበ እርሳስና ሌሎች ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ።

ምን እናድርግ?

1. መሬት ላይ፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ላጋ ውስጥ አትድፉት። በካምፓችን ቆሻሻ ውሃ ወደ ማጣሪያ የሚወስድ ቱቦ የለም፤ የደፋነው አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ጎረቤቶቻችን ቱርካናዎች ከደረቅ ወንዝ አሸዋ ሥር ቆፍረው ውሃ እንደሚቀዱም አንርሳ።

2. በሳፋ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት። ፍየል፣ አህያና ውሻ ይጠጡታል።

3. በማይፈስ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ቢቻል በመጣበት ጀሪካን። «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ማንበብ ለማይችሉም ምልክት አድርጉበት። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት። ከሞተር ዘይት ወይም ከባትሪ አሲድ ጋር አትቀላቅሉት።

4. ለማስወገድ፣ አሮጌ ኩላንት የሚሰበስብ ጋራዥ መኖሩን ጠይቁ። ካላገኛችሁ ለብሎክ መሪያችሁ ወይም ለጤና ሠራተኛ ንገሩ። ቦታ እስኪገኝ ድረስ እንደተቆለፈ ይቆይ።

5. መሬት ላይ ከፈሰሰ ልጆችንና እንስሳትን አርቁ። አሸዋ ወይም አመድ አልብሱት፤ ሲመጠው በአካፋ አንስታችሁ በማይፈስ ዕቃ ክደኑት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

6. ባዶውን ጀሪካን ለመጠጥ ውሃም ሆነ ለዘይት አትጠቀሙበት። ውሃ ማፍላትም ሆነ የውሃ መድኃኒት መጨመር ይህን መርዝ አያጠፋውም። ጀሪካኑን ሰው ለውሃ እንዳያነሳው ብሱት።

ሰው ቢጠጣውስ?

መጀመሪያ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ ያስመልሰዋል። ቆይቶ አተነፋፈሱ ይፈጥናል። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ሽንቱ ሊቀንስ ወይም ሊቆም ይችላል። በመካከሉ የተሻለው መስሎ ሊታይ ስለሚችል አትዘናጉ። ምንም ምልክት ባይታይበትም፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። በጣታችሁ አታስመልሱት፤ ወተትም ሆነ አረቄ አታጠጡት። ቶሎ ከተደረሰ ሕክምናው ጉበት መርዙን እንዳይሠራ ሊያግድ ይችላል። ኩላሊት ከተጎዳ በኋላ ግን ማዳኑ ከባድ ነው።

ያ መካኒክ ወንድማችን ጠርሙሱን በዚያው ሰዓት አነሳው። እናንተም ዛሬ አልጋችሁ ሥርና የጓዳችሁን ጥግ ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ለሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ጤና ይስጥልን።