ማሊያ የማይለብሰው ተጋጣሚ፦ የቆሼው እርሳስ

እርሳስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ተማሪ ቤት የምንቀርፀው ነው። እሱስ ጣጣ የለውም፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው። ዛሬ የምናነሳው ስሙን የሚጋራውን፣ ባትሪና ጥይት የሚሠራበትን ከባድ ብረት ነው። ‹‹ስፖርት ገፅ ላይ ምን ያደርጋል?›› የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሰፈር ኳስ የሚለፋው አቧራ ላይ ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ያለው ቆሼ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ፤ አገሪቱም ለሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ተቀመጠች። የእርሳሱ ጉዳት ግን ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከዚሁ ስፍራ በተወሰደ አፈር ውስጥ እርሳስን ጨምሮ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አመልክቷል።

ከየት መጣ? አንድ የመኪና ባትሪ ብትመዝኑ ከግማሽ በላዩ እርሳስ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት፣ የሬዲዮ ብየዳ፣ የተላጠ አሮጌ ቀለምም እርሳስ አለባቸው። ቆራሌው ያልወሰደው መጨረሻው ቆሻሻ ክምር ነው። ሲቃጠል ጭስ፣ ሲደርቅ አቧራ ሆኖ ይነሳል።

ሴኔጋልን ታውቋታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ላይ ፈረንሳይን 1ለ0 ጉድ ያደረገችው አገር ናት። በዳካር ዳርቻ ቲያሮዬ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር፣ ሰዎች ባትሪ ሲሰበርበት የኖረውን አፈር ቆፍረው፣ ቤታቸው ድረስ ወስደው በወንፊት እየነፉ እርሳስ ይለቅሙ ነበር። ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባሉት ወራት ብቻ 18 ሕፃናት ሞቱ።

ተኳሾችም ነፃ አይደሉም። ተኩስ ከመጀመሪያው የ1896 ኦሊምፒክ አንስቶ የሚታወቅ ስፖርት ነው። አረሩ በአብዛኛው እርሳስ ሲሆን፣ ቀለሃው ሥር ያለው ማቀጣጠያም ብዙ ጊዜ የእርሳስ ውህድ አለበት። ሲተኮስ በጢስ ይወጣል፤ ተኳሹ ይተነፍሰዋል፣ እጁና ልብሱ ላይ ተጣብቆ ቤቱ ድረስ ይገባል። በተዘጋ አዳራሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም ጋር ያምታታዋል። አጥንት ውስጥ አስገብቶ ለአስርት ዓመታት ያስቀምጠዋል። ሕፃናት ደግሞ ከዋጡት ውስጥ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። ደም ማነስ ያመጣል፤ ሲሮጥ የማይያዘው ልጅ ቶሎ ይደክመዋል። የከፋው አንጎል ላይ የሚያደርሰው ነው፤ ትኩረትና ትምህርት የመቀበል አቅም ይቀንሳል። ‹‹ሰነፍ ነው›› ተብሎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ፣ ማን ያውቃል፣ እርሳስ ይሆናል ያደከመው! የዓለም ጤና ድርጅት ‹‹ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም›› የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። የተጎዳ አንጎል ደግሞ ቅያሪ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አፈሩን መርምሮ የተበከለውን መከለልና ለልጆቹ ንፁህ ሜዳ መስጠት የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። የሰፈር አሰልጣኞች ግን ዛሬውኑ የሚጀምሩት አለ። ባትሪ የሚሰበርበት፣ ገመድ የሚቃጠልበት ቦታ ልምምድ አይደረግ። ከጨዋታ በኋላ ዳቦም ሆነ ቆሎ ከመነካቱ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጫማ ደጅ ይውለቅ፤ ቤት ሲጠረግ ውሃ ይረጭ። በብረት የበለፀገ ምግብና ወተት የሚያገኝ ልጅ ሰውነቱ እርሳስን እንደልቡ አይቀበልም። ተኳሽም ልብሱን ለብቻው ይጠብ፤ እርሳስ እቤት የሚያቀልጥ ካለ ያቁም። ልጁ መጎዳቱን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

የሰፈር ቡድን ለኳስ መግዣ ሲያዋጣ ሳሙናም አብሮ ይግዛ። ከኳሱ ይረክሳል።